ባትሪው፣ ራዳሩና ኢኒግማ፦ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በ1943 ለምን ተሸነፉ?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እስከ ማርች 1943 ድረስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ መርከብ እንደ ጉድ ሲያሰጥሙ ነበር። በሜይ ግን ተሸንፈው ወጡ። በሁለት ወር ውስጥ ምን ተፈጠረ? እንግሊዞች የኢኒግማን ኮድ ስለፈቱ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?»

ይህን ጥያቄ ሁሌም በደስታ ነው የምመልሰው። ኢኒግማ ጀርመኖች የሬዲዮ መልእክታቸውን ወደ ምስጢር ኮድ የሚቀይሩበት ማሽን ነው። አጭሩ መልስ፦ የኢኒግማ መፈታት ትልቅ እገዛ አድርጓል፤ ያሸነፋቸው ግን እሱ ብቻውን አይደለም። ያሸነፋቸው ውሃ ላይ ወጥተው መንቀሳቀስ መከልከላቸው ነው። «ሰርጓጅ መርከብ ውሃ ውስጥ ለመኖር የተሠራች አይደለችም እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰርጓጅ መርከብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የዛሬዎቹን የኑክሌር መርከቦች ነው። እነሱ ወራት ሙሉ ሳይወጡ መቆየት ይችላሉ። የያኔዎቹ እንዲህ አልነበሩም። አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ውሃ ላይ ነበር። የሚጠልቁት ሊደበቁ ሲፈልጉ ወይም ቀን ላይ አድፍጠው ሲጠብቁ ነው።

በዚያ ጦርነት ብዙውን ሥራ የሠራችው ሰርጓጅ ታይፕ 7ሲ ትባላለች። ርዝመቷ 67 ሜትር ነው። ከ44 እስከ 52 ሰውና 14 ቶርፒዶ (በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ትይዛለች። ውሃ ላይ ስትሆን በናፍጣ ሞተር በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። ናፍጣ ሞተር ግን አየር ይፈልጋል። ስለዚህ ስትጠልቅ ሞተሩ ይጠፋና ሥራውን የኤሌክትሪክ ሞተር ይረከባል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚሠራው በባትሪ ነው። ባትሪ ደግሞ ያልቃል።

ስንት ያስኬዳታል? ቀስ ብላ፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደች 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሙሉ ቀን እንኳ አይሞላም። ባላት ኃይል ሁሉ ብትሮጥ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ፍጥነት ባትሪው ብዙም አይቆይም። ከዚያ የግድ ወጥታ፣ ናፍጣ ሞተሯን አስነስታ ባትሪዋን መሙላት አለባት። ለዚህ ሰዓታት ያስፈልጋታል።

አሁን ይህን ከምታድነው ነገር ጋር ያነጻጽሩት። የንግድ መርከቦች ተሰባስበው፣ በጦር መርከብ ታጅበው በኮንቮይ ነበር የሚጓዙት። ዝግተኛው ኮንቮይ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር፣ ፈጣኑ ደግሞ 17 ወይም 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የጠለቀች ሰርጓጅ ኮንቮይ ማሳደድ አትችልም። በግድ ካጠለቋት ኮንቮዩ ጥሏት ይሄዳል። ይህን ነጥብ አደራ ይያዙልኝ፤ የቀረው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የጀርመን ሰርጓጅ ኃይል አዛዥ ካርል ዶኒትዝ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እሱ ራሱ የሰርጓጅ አዛዥ ነበር፤ በ1918 ተማርኳል። ያ ጦርነት ሁለት ትምህርት ትቶለት ነበር። አንደኛው፣ ሰርጓጅ እንግሊዝን ልታስርብ መቃረቧ ነው፤ በኤፕሪል 1917 ብቻ ከ800,000 ቶን በላይ መርከብ ሰጥሟል። ሁለተኛው፣ ኮንቮይ ሲጀመር ነገሩ መገልበጡ ነው። አንዲት ሰርጓጅ ብቻዋን መጥታ አንድ ኮንቮይ ብታገኝ አንድ ሁለት ትመታና ኮንቮዩ ያልፋታል። ስለዚህ ዶኒትዝ «ኮንቮይን በኮንቮይ» ዓይነት መልስ ፈለገ። የተኩላ መንጋ የሚባለው ስልት ይህ ነው። ሰርጓጆቹ በረጅም መስመር ተሰልፈው ባሕሩን ያስሳሉ። አንዷ ኮንቮይ ስታይ አትተኩስም፤ ከሩቅ እየተከተለች በሬዲዮ ትናገራለች። ሌሎቹ ሁሉ ወደዚያ ይሮጣሉ። ሲመሽ አንድ ላይ ይገባሉ።

የሚገቡት ደግሞ ውሃ ላይ ሆነው ነው። እንግሊዞች በጣም የተማመኑበት መሣሪያ አስዲክ ነበር፤ ዛሬ ሶናር የምንለው። ድምፅ ወደ ውሃ ይልክና ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ለጠለቀች ሰርጓጅ ጥሩ ነው። ውሃ ላይ ለተንሳፈፈች ግን ምንም አይፈይድም ማለት ይቻላል። የሰርጓጅ ቅርጽ ደግሞ ዝቅ ያለና ጠቆር ያለ ስለሆነ በሌሊት በዓይን አይታይም። ፍጥነቷም ከብዙዎቹ አጃቢዎች አያንስም። ኦቶ ክሬችመር የተባለው አዛዥ በጨለማ በኮንቮዩ ረድፎች መሃል ገብቶ ነበር የሚተኩሰው። በኦክቶበር 1940 ኤስሲ 7 ከተባለው ኮንቮይ 35 መርከቦች 20 የሰጠሙት በዚህ መንገድ ነው። አጃቢዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ማንን ማሳደድ እንዳለባቸውም አላወቁም።

ልብ ይበሉ፣ ይህ ሁሉ ድል የተገኘው ውሃ ላይ ነው። ሬዲዮው፣ ሩጫው፣ የሌሊቱ ጥቃት፣ ሁሉም።

ስለዚህ የሽንፈቱ የመጀመሪያ ምልክት የታየው በ1943 ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት ነው ባይ ነኝ። በ17 ማርች 1941 ሌሊት ቫኖክ የተባለችው የእንግሊዝ አጃቢ መርከብ ዩ-100 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ በጨለማ አገኘቻት። ያገኘቻት በራዳር ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ነጥሮ በሚመለሰው በሚያይ መሣሪያ። ገጭታ አሰጠመቻት። በዚያው ሌሊት የክሬችመር ዩ-99 ተመታችና እሱ ተማረከ። ያቺ ራዳር ገና ደካማ ነበረች። ግን ጨለማው ከእንግዲህ የጀርመኖች ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ኢኒግማ ልምጣ፤ ዋናው ጥያቄዎ እሱ ስለሆነ።

በ9 ሜይ 1941 ቡልዶግ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ዩ-110ን አስገድዳ አወጣቻት። ዴቪድ ባልም የሚባል የ20 ዓመት መኮንን ውስጧ ገብቶ ማሽኑንና የኮድ ሰነዶቹን ይዞ ወጣ። ሰርጓጇ በማግስቱ እየተጎተተች ሰጠመች፤ ጀርመኖች ምስጢሩ መውጣቱን አላወቁም። ብሌችሊ ፓርክ በሚባለው ቦታ ያሉ የእንግሊዝ የኮድ ፈቺዎች በዚያ ዓመት አጋማሽ የሰርጓጆቹን ሬዲዮ ቶሎ ቶሎ ማንበብ ጀመሩ። ጥቅሙ ምን ነበር? የተኩላው መስመር የት እንደተዘረጋ ስለሚታወቅ ኮንቮዩ በሌላ በኩል እንዲዞር ይደረጋል። በ1941 ሁለተኛ አጋማሽ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ተርፏል። ይህን ማሳነስ በጣም ስህተት ነው።

ግን በፌብሩዋሪ 1942 የሰርጓጆቹ ኢኒግማ አራተኛ ተሽከርካሪ ጎማ ተጨመረበት። ብሌችሊ ፓርክ ለአሥር ወር ያህል ምንም ማንበብ አቃተው። በሩ እንደገና የተከፈተው በሰው ሕይወት ነው። በ30 ኦክቶበር 1942 ሜዲትራኒያን ላይ ዩ-559 ተመትታ እየሰጠመች ነበር። ከእንግሊዟ ፔታርድ መርከብ ሌተናንት ቶኒ ፋሰንና መርከበኛው ኮሊን ግሬዚየር ዋኝተው ገቡባት። በጨለማ፣ ውሃው ወደ ውስጥ እየፈሰሰ፣ ሰነዶቹን እያወጡ ያቀብሉ ነበር። ተቀባያቸው ቶሚ ብራውን የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ነበር። መርከቧ በድንገት ሰጠመች። ልጁ ተረፈ፤ ሁለቱ አልወጡም። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ትንሽ ቆም እላለሁ። በእነዚያ ሰነዶች እርዳታ ኮዱ በዲሴምበር እንደገና ተነበበ።

አሁን የጊዜውን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። ኮዱ የተከፈተው በዲሴምበር 1942 ነው። እጅግ አስፈሪው ወር ግን ማርች 1943 ነው። በዚያ ወር ከ16 እስከ 19 ድረስ ኤስሲ 122 እና ኤችኤክስ 229 የተባሉ ሁለት ኮንቮዮች ተጠጋግተው ሲጓዙ 40 ገደማ ሰርጓጆች ከበቧቸው። 22 መርከቦች ሰጠሙ። ጀርመኖች ያጡት አንዲት ሰርጓጅ ብቻ ነው። እርግጥ በዚያ ሰሞን ንባቡ ለጥቂት ቀናት ተቋርጦ ነበር። ግን ሌላም ምክንያት አለ። ዶኒትዝ ጦርነቱን የጀመረው በ57 ሰርጓጆች ነበር። አሁን ከ400 በላይ አሉት። ባሕሩ በተኩላ ሲሞላ፣ ከአንዱ መስመር ቢዞሩ ሌላው መስመር ላይ ይወድቃሉ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። መሸሽ ብቻውን አይበቃም።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ጀርመኖችም የእንግሊዞችን የኮንቮይ ኮድ ያነቡ ነበር! እስከ ጁን 1943 ድረስ። ስለዚህ የኮዱ ጦርነት የአንድ ወገን አልነበረም። ኢኒግማ ብቻውን አሸነፈ የሚሉ ሰዎች ይህን አያነሱትም፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? በሁለት ወር የተፈጠረ ነገር የለም። ለሦስት ዓመት ለየብቻ ሲሠሩ የቆዩ ነገሮች በዚያ ጸደይ አንድ ላይ ደረሱ።

ከሁሉ የማስቀድመው ራዳሩን ነው። በ1940 በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት ማግኔትሮን የሚባል እጅ ላይ የሚያዝ መሣሪያ ሠሩ። 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ በብርቱ ኃይል ያመነጫል። በዚህ ሞገድ የሚሠራ ራዳር በአጃቢ መርከብና በአውሮፕላን ላይ ሊገጠም የሚችል ትንሽ ሆኖ፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈች ሰርጓጅን ጥርት አድርጎ ያያል። ጀርመኖች በ1942 ሜቶክስ የሚባል የራዳር ማስጠንቀቂያ ገጥመው ነበር። እሱ የሚሰማው ግን የድሮውን የ1.5 ሜትር ሞገድ ነው። አዲሱን አይሰማም። ሰርጓጇ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳታገኝ አውሮፕላን በላይዋ ይመጣባታል። በኋላ ጀርመኖች ጥፋቱን በራሱ በሜቶክስ ላይ አሳበቡት፤ የሚያወጣው ሞገድ ያጋልጠናል ብለው እንዳይከፈት አዘዙ። ከሃዲ አለ ብለውም ጠረጠሩ።

ከአውሮፕላኑ ጋር አብሮ የሚነሳ አንድ መብራት አለ። ራዳር በመጨረሻው አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሰርጓጇን ከማዕበሉ መለየት ያቅተው ነበር። በሌሊት ደግሞ አብራሪው በዓይኑ አያይም። ሃምፍሪ ሊ የተባለ መኮንን «ለምን ትልቅ ባውዛ አውሮፕላኑ ላይ አንገጥምም?» አለ። ከጁን 1942 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከፈረንሳይ ወደቦች የምትወጣ ሰርጓጅ በሌሊት ባትሪ ስትሞላ በድንገት ሰማዩ እንደ ቀን ይበራባታል። ለመጥለቅ ሰከንዶች ብቻ አሏቸው። ሌሊት እንኳ ባትሪ መሙላት አደጋ ሆነ ማለት ነው። ባትሪው ካልተሞላ ደግሞ የሚሆነውን ከላይ አይተናል።

በውቅያኖሱ መሃል ግን አውሮፕላን የማይደርስበት ሰፊ ክፍተት ነበር። ተኩላዎቹ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ይህን ክፍተት የዘጉት ረጅም ርቀት እንዲበሩ የተስተካከሉ ሊበሬተር አውሮፕላኖችና ትንንሽ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ናቸው። የሊበሬተሮቹ ቁጥር እንኳ ጥቂት ነበር። ግን አውሮፕላን ሁሌም መምታት የለበትም። መታየቱ ብቻ ሰርጓጇ እንድትጠልቅ ያስገድዳታል። ከጠለቀች ኮንቮዩ ያልፋታል። አሁን ያቺ የባትሪ ሂሳብ ምን እንደምትሠራ ይታይዎታል።

የሬዲዮው ጉዳይም ቀላል አይደለም። የተኩላ መንጋ ያለ ወሬ አይሰባሰብም። አጃቢ መርከቦች ሬዲዮው የመጣበትን አቅጣጫ የሚለይ መሣሪያ ገጠሙ። ሰርጓጇ «ኮንቮይ አየሁ» ብላ ገና ስትናገር አንድ አጃቢ በድምፁ አቅጣጫ ይሮጥባታል። የሚገርመው፣ ለዚህ የመልእክቱን ይዘት ማንበብ አያስፈልግም። ኮዱ ባይፈታም ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት። በጃንዋሪ 1942 ሊቨርፑል ውስጥ ጊልበርት ሮበርትስ የሚባል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ጡረታ የወጣ መኮንን አንድ ሥራ ተሰጠው፤ የሰርጓጆቹን ስልት አጥንቶ መልስ መፈለግ። አብረውት የሠሩት በአብዛኛው የባሕር ኃይሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ገደማ የሆኑ ወጣቶች። አንድ ክፍል ወለል ላይ ውጊያውን በጠመኔ እየሣሉ እንደ ጨዋታ ተጫወቱት። መኮንኖቹ በሸራ መጋረጃ ቀዳዳ ብቻ እንዲያዩ ይደረጋል፤ በሌሊት ከመርከብ ላይ ሆነው ሊያዩ የሚችሉትን ያህል ብቻ። ሮበርትስ የድሮ ጥቃቶችን ደጋግሞ ሲያጫውት አንድ ነገር ገባው። ሰርጓጆቹ የሚመጡት አጃቢዎቹ እንደሚያስቡት ከውጭ በኩል አይደለም። ከኋላ ገብተው፣ በረድፎቹ መሃል ተኩሰው፣ ከዚያ ጠልቀው ኮንቮዩ በላያቸው እንዲያልፍ ይጠብቃሉ። ስለዚህ አጃቢዎቹ ወደ ውጭ እየሮጡ ባዶ ባሕር ሲቀጠቅጡ ነበር የከረሙት። መልሱ ወደ ኋላ ተመልሶ እዚያው ማሰስ ነው። «ራስቤሪ» የተባለው የመጀመሪያው ስልት እዚያ ክፍል ወለል ላይ ተወለደ። በጦርነቱ ውስጥ 5,000 ገደማ መኮንኖች በዚያ ክፍል ሠልጥነዋል። ስለ ኢኒግማ ከሚነገረው አንድ አሥረኛው እንኳ ስለነሱ አለመነገሩ ይቆጨኛል።

መግደያ መሣሪያውም ተሻሻለ። አስዲክ ሰርጓጇ በጣም ስትቀርብ ድምፅዋን ያጣዋል። ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚፈነዳው የጥልቀት ቦምብ ደግሞ የሚጣለው ከመርከቧ ኋላ ነው። አጃቢው የሚጥለው ዓይኑ ታስሮ ነው ማለት ይቻላል። ሄጅሆግ የሚባለው አዲስ መሣሪያ 24 ትንንሽ ቦምቦችን ወደ ፊት ይወረውራል፤ አስዲኩ ገና ዒላማውን ይዞ ሳለ። ቦምቦቹ የሚፈነዱት ሲነኩ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ምን እንዳመጣ ኦኤንኤስ 5 ላይ ይታያል። በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ 1943 መጀመሪያ ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄድ ዝግተኛ ኮንቮይ ነው። ማዕበሉ ከባድ ስለነበር መርከቦቹ ተበታተኑ። የአጃቢዎቹ አዛዥ ፒተር ግሬተን ነዳጁ አልቆበት ለመሄድ ተገደደና ሮበርት ሸርዉድ ተረከበ። 40 ገደማ ሰርጓጆች ከበቡት። 13 መርከቦች ሰጠሙ። ሌላ የማርች እልቂት ሊሆን ነው ሲባል በ5 ሜይ ምሽት ጭጋግ ወረደ። ሰርጓጆቹ አያዩም። አጃቢዎቹ ግን ራዳር አላቸው። ከጭጋጉ ውስጥ እየወጡ ይገጯቸውና ይመቷቸው ጀመር። በጠቅላላው ውጊያ 6 ሰርጓጆች ጠፉ። ጨለማና ጭጋግ የሰርጓጅ መጠለያ መሆኑ ያን ሌሊት አበቃ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤስሲ 130 አንድ መርከብ ሳያጣ ተሻገረ። በዚያ ዘመቻ ዩ-954 ስትሰጥም የዶኒትዝ ልጅ ፒተር ውስጧ ነበር። በዚያ ወር ጀርመኖች 41 ሰርጓጆች አጡ። በ24 ሜይ ዶኒትዝ ሰርጓጆቹን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣ።

እንግዲህ የኢኒግማን ቦታ እኔ እንዲህ አስቀምጠዋለሁ። በ1941 ጋሻ ነበር፤ ኮንቮዩን ያሸሻል። በ1943 ደግሞ ጠቋሚ ነበር፤ ጥቂቶቹን አውሮፕላኖችና ረዳት አጃቢዎች የት መላክ እንደሚሻል ይናገራል። ያለ እሱ ድሉ ዘግይቶ፣ በብዙ ተጨማሪ ሕይወት ይመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ራዳርና አውሮፕላን ባይኖሩ ግን ኮዱን ማንበብ ብቻውን መርከቦቹን ባላዳናቸው ነበር። ማርች 1943 ምስክር ነው።

የከፈሉትን ሰዎችም ልጥቀስ። በጦርነቱ 40,000 ገደማ ሰዎች በጀርመን ሰርጓጆች ተሰማርተዋል፤ ከነሱ 28,000 እስከ 30,000 የሚሆኑት አልተመለሱም። በሌላው ወገን የሞቱት የንግድ መርከበኞች ከ30,000 ይበልጣሉ። ወታደር አልነበሩም። ከእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን ከሕንድ፣ ከቻይና፣ ከኖርዌይም የመጡ ነበሩ።

ጀርመኖች ችግሩ ባትሪው እንደሆነ በመጨረሻ ገብቷቸዋል። መጀመሪያ ስኖርክል ገጠሙ፤ ሰርጓጇ ሳትወጣ ናፍጣ ሞተሯ አየር የሚስብበት ረጅም ቱቦ ነው። ቀጥሎ ታይፕ 21ን ሠሩ። ባትሪዋ ከበፊቶቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ ጠልቃ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ኮንቮይን ከውሃ በታች ሆና ማሳደድ የምትችል የመጀመሪያዋ ይህች ናት። 118 ተረክበዋል፤ ግን ዩ-2511 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዘመቻ ስትወጣ ጦርነቱ ሊያልቅ ቀናት ነበር የቀሩት። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካም፣ እንግሊዝም፣ ሶቭየት ኅብረትም እነዚህን መርከቦች ወስደው አጠኑ። የባትሪው ጣጣ ግን የተፈታው በ1955 ናውቲለስ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ በኑክሌር ኃይል ስትንቀሳቀስ ነው።

ጀርመን የመሄድ ዕድል ካገኙ ሁለት ነገር ይዩ። ኪል አጠገብ ላቦ የባሕር ዳርቻ ላይ ዩ-995 ለሕዝብ ክፍት ናት፤ የታይፕ 7 ዘር ናት። ብሬመርሃፈን ወደብ ደግሞ አንዲት ታይፕ 21 አለች። መጀመሪያ ዩ-995 ውስጥ ይግቡ፤ ሲራመዱ ባትሪው ከእግርዎ በታች ነው። ከዚያ ሁለተኛዋን ከውጭ ይመልከቷት። የዩ-995 የላይኛው ክፍል የሚሸፈነው በተራ መርከብ ወለል ነው፤ መድፍ የሚቆምበት፣ ሰው የሚቆምበት። የታይፕ 21 ግን እንደ ዓሣ ለስላሳ ነው።